ኮምፒውተሩ በሚነሣበት ጊዜ ግንኙነቱ ለምን ይቋረጣል?



በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከሚገኙት አጥቢያዎች በአንዱ፣ በደብሩ ጽሕፈት ቤት የገጠመንን ችግር በማስቀደም የዚህን ጽሑፍ ዓላማ እንገልጣለን። በጽሕፈት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተርና ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድ አለ። ጸሐፊው በየማለዳው ኮምፒውተሩን ሲከፍት፣ ከኋላ በኩል ገመዱ ከሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት በርታ ትታያለች። የዊንዶውስ ምልክት በስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ግን ትጠፋለች፤ ጥቂት ቆይታ ትበራለች፤ መልሳም ትጠፋለች። ሥራ በሚጀመርበት ሰዓት ግንኙነት እንደሌለ የሚያሳየው ምልክት ብቻ ይቀራል።

በዚያው ሰሞን የምንጭ ማጎልበት ሥራው የሩብ ዓመት ሪፖርትና ዘር የሚሰጣቸው አባወራዎችና እማወራዎች ስም ዝርዝር በቀኑ መድረስ ነበረበት። ጸሐፊው ዝርዝሩን በፍላሽ ይዞ በመኪና ወደ ከተማ ሄዶ ላከው፤ አንድ ሙሉ የሥራ ቀንና የመጓጓዣ ወጪ በዚህ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። የተጠራው ባለሙያ «ኔትወርክ ካርዱ ተቃጥሏል» ስላለ አዲስ ካርድ ተገዝቶ ተገጠመ፤ መብራቷ ግን እንደ ቀድሞው በርታ ጠፋች። በመጨረሻም ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ከተጠራቀመው ገንዘብ ከፍሎ አዲስ ኮምፒውተር ስለ መግዛት መነጋገር ጀመረ። ይህም ብቻ አይደለም፤ አንድ ወጣት አገልጋይ «እርሱ ከነካካው ወዲህ ነው የተበላሸው» ተብሎ ተጠረጠረ።

ጥፋቱ የካርዱም፣ የኮምፒውተሩም፣ የወጣቱም አልነበረም። ምን እንደነበረ ከዚህ በታች በቦታው እንናገራለን። ለሁላችሁም የሚጠቅመው ትምህርት ግን አጭር ነው፤ ገንዘብ ከመውጣቱና ሰው ከመወቀሱ በፊት ግንኙነቱ የሚቋረጠው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ መታየት አለበት። ይህን ለማየት ደግሞ የኮምፒውተር ትምህርት አያስፈልግም፤ ዐይንና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚፈጸመው ሥርዓት

ኔትወርክ ካርድ የኮምፒውተሩ መልእክተኛ ነው። በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ሲሆን፣ ከውጭ የሚታየው የገመዱ ቀዳዳና ሁለት ትንንሽ መብራቶች ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ሲበራ ግንኙነቱ በአንድ ጊዜ የሚመጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ካርዱ አራት ደረጃዎችን ያልፋል።

የመጀመሪያው ደረጃ የእንቅልፍ ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ በብዙ ካርዶች ላይ ትንሽ ኃይል ይቀራል። ስለዚህ መብራቷ ኮምፒውተሩ ሳይበራም ልትበራ ትችላለች። በዚህ ጊዜ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ ሲል በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ይኸውም በሰከንድ 10 ወይም 100 ሜጋቢት፣ ከራውተሩ ጋር ይገናኛል።

ሁለተኛው ደረጃ ኮምፒውተሩ ሲበራ ነው። ባዮስ የሚባለው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የመነሻ ፕሮግራም ሌሎቹን ክፍሎች ሲቀሰቅስ ካርዱንም ይቀሰቅሰዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ርክክብ ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ ድራይቨር የሚባለው የካርዱ ማዘዣ ፕሮግራም ካርዱን ከባዮስ ይረከባል፤ ሲረከብም እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። በዚህ ጊዜ ግንኙነቱ ለጥቂት ሰከንዶች ይቋረጣል፤ ካርዱና ራውተሩም ሁለቱም በሚችሉት ከፍተኛ ፍጥነት ለመሥራት እንደገና ይስማማሉ። ስለዚህ መብራቷ አንድ ጊዜ ጠፍታ ተመልሳ ብትበራ ይህ ሕመም አይደለም፤ የሥርዓቱ ክፍል ነው።

አራተኛው ደረጃ አድራሻ መጠየቅ ነው። ግንኙነቱ ከጸና በኋላ ኮምፒውተሩ «የእኔ አድራሻ የቱ ነው?» ብሎ በገመዱ ይጠይቃል፤ ራውተሩም አይፒ አድራሻ የሚባለውን ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ ቁጥር ከሌለ ገመዱ ጤነኛ፣ ካርዱም አዲስ ቢሆን ኢንተርኔት አይገኝም።

እንግዲህ ጥያቄያችን «ካርዱ ሞቷል ወይስ አልሞተም?» መሆኑ ይቀርና «በየትኛው ደረጃ ላይ ወድቆ ቀረ?» ይሆናል።

መብራቷን መመልከት

አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ሲያበራ ሌላው ከኋላ ሆኖ መብራቷን ይመልከት፤ ያየውንም በወረቀት ይጻፍ። ከሚከተሉት አራት ነገሮች አንዱን ያያል።

አንደኛ፣ መብራቷ በየትኛውም ደረጃ ላይ ጨርሶ ካልበራች፣ ራውተሩ መብራቱን ማረጋገጥ፣ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅሎ በደንብ መሰካት፣ ከዚያም በራውተሩ ላይ ሌላ ቀዳዳ መሞከር ይገባል። ካርዱ የሚጠረጠረው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሌላ ጤነኛ ገመድም ከተሰካ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ መብራቷ መጀመሪያ በርታ ዊንዶውስ ሲነሣ ከጠፋችና ካልተመለሰች ወይም እየበራች ከጠፋች፣ ችግሩ ከርክክቡ ጋር የተያያዘ ነው። ገመዱ፣ ድራይቨሩ ወይም የኃይል ቁጠባ ትእዛዙ ይመረመራል።

ሦስተኛ፣ መብራቷ ጸንታ በርታ ኢንተርኔት ከሌለ፣ ችግሩ ከአድራሻው ነው፤ ወይም መስመሩ ከውጭ ተቋርጧል።

አራተኛ፣ ግንኙነት መኖሩ እየታየ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አልከፈት ካሉ፣ የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ይታይ።

እነዚህን አራቱን ከዚህ በታች አንድ በአንድ እናብራራለን።

ስምንቱ ሽቦዎች

የኔትወርክ ገመድ በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘው አራት ጥንድ ይሆናሉ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ለመገናኘት ከአራቱ ጥንድ ሁለቱ ይበቃሉ። በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ለመገናኘት ግን ስምንቱም ሽቦዎች ጤነኛ መሆን አለባቸው።

በመግቢያችን የተናገርነው የደብሩ ጽሕፈት ቤት ምስጢር ይህ ነበር። ገመዱ ከራውተሩ ተነሥቶ በበሩ ሥር ያልፍ ስለነበር በሩ በተዘጋ ቁጥር ይረገጥና ይታጠፍ ነበር። ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ በውስጥ ተበጥሶ ኖሯል፤ ከውጭ ግን ልባሱ ደኅና ነው። ኮምፒውተሩ ሲተኛ ካርዱ በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚገናኝ የተበጠሰው ሽቦ አያስፈልግም፤ መብራቷም ትበራለች። ያዩት ሁሉ «መብራቷ ስለበራች ገመዱ ጤነኛ ነው» ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ዊንዶውስ ካርዱን ሲረከብ ግን ሁለቱም ወገኖች 1000 ስለሚችሉ በ1000 ለመገናኘት ይሞክራሉ፤ ሽቦው ስለተበጠሰ አይሳካላቸውም፤ ይተዉና እንደገና ይሞክራሉ። መብራቷ እየበራች የጠፋችው ለዚህ ነው። አዲስ ካርድ ቢገጠምም ያው ገመድ ስለተሰካበት ያው ችግር ተደገመ።

መድኃኒቱ አዲስ ገመድ ብቻ ሆነ። ለቆርቆሮው የተጠራቀመው ገንዘብ በቦታው ቀረ፤ ወጣቱም ያለ ጥፋቱ መጠርጠሩ ታውቆ ይቅርታ ተጠየቀ።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሞከረው ሌላ አጭርና ጤነኛ ገመድ ነው። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ራውተሩ አጠገብ አስቀምጦ በአጭር ገመድ መሞከር ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። በዚያ ከሠራ ካርዱ ንጹሕ ነው። ገመዱን ስንመለከትም ሦስት ነገሮችን እናስተውል፤ በጫፉ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራ እንደሆነ ገመዱ ቀስ በቀስ ይወልቃል፤ አይጥ የነካካው ቦታ ካለ ይታያል፤ ርዝመቱም ከ100 ሜትር ሊበልጥ አይገባም። ጽሕፈት ቤቱ ከዕቃ ቤቱ ወይም ከአብነት ትምህርት ቤቱ ራቅ ብሎ በተሠራባቸው አጥቢያዎች ይህ የመጨረሻው ልክ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ድራይቨርና የኃይል ቁጠባ

ጤነኛ ገመድ ተሰክቶም መብራቷ ከርክክቡ በኋላ ከጠፋች፣ ቀላል ፈተና አለ። ኮምፒውተሩን በመጀመሪያ «ሪስታርት» በሚለው እናስነሣው፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ «ሸት ዳውን» ብለን አጥፍተን እናብራው። በሪስታርት ሲነሣ እየሠራ፣ ጠፍቶ ሲበራ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኮምፒውተሩ ጠፋ ስንል ጨርሶ አይጠፋም፤ ቶሎ ለመነሣት ሲል የነበረበትን ሁኔታ ከፊሉን በዲስኩ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ሲነሣም ያንኑ ያነሣል። አንዳንድ ድራይቨሮች ከዚህ ዓይነቱ እንቅልፍ በደንብ አይነሡም። ይህን ቅንብር በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ከፓወር አማራጮች ማጥፋት ይቻላል። ኮምፒውተሩ በመነሣት ላይ ጥቂት ሰከንዶች ይዘገይ ይሆናል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

እንዲሁም «ዲቫይስ ማኔጀር» በሚባለው ውስጥ የካርዱን ስም ከፍተን «ፓወር ማኔጅመንት» የሚለውን ስንመለከት፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅድ ምልክት እናገኛለን። ያን ምልክት ማንሣት ነው። ይህም ካልጠቀመ ለካርዱ የተዘጋጀው ድራይቨር ከኮምፒውተሩ አምራች ተወስዶ እንደገና ይጫናል። ድራይቨሩን ለማምጣት ራሱ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ፣ ሁሉ ጤነኛ በሆነበት ቀን በፍላሽ ማስቀመጥ አስተዋይነት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ካርዱ በእንቅልፍ ኃይሉ ላይ እንዳለ ይደነዝዛል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሶኬቱን ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ በውስጡ የቀረውን ኃይል ያፈስሳል። ከዚያም ሰክቶ ማብራት ነው። ይህ ወጪ የሌለው ሙከራ ብዙ «የሞቱ» ካርዶችን አስነሥቷል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

በአካባቢያችን የመብራት መቆራረጥ ለሁሉም የታወቀ ነው። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩም፣ ራውተሩም፣ በመካከላቸው ያለው ስዊችም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ሁሉም ግን እኩል አይነቁም። ስዊቹ ወዲያው ይነቃል፤ ኮምፒውተሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነሣል፤ ራውተሩ ግን ራሱ ተነሥቶ ከቴሌ መስመር ወይም ከሞባይል ኔትወርክ ጋር እስኪገናኝ ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል። ኮምፒውተሩ አድራሻ ሲጠይቅ የሚመልስለት የለም። ጥቂት ጊዜ ጠይቆ መልስ ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። በዚህ አድራሻ ኢንተርኔት አይገኝም።

ስለዚህ መብራቷ በርታ ግንኙነት ሲጠፋ፣ በኔትወርኩ ምልክት ገብተን የአይፒ አድራሻውን እናንብብ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ካርዱ አልሞተም፤ አድራሻ ሰጪው ነው ያልመለሰለት። ዊንዶውስ በየአምስት ደቂቃው ገደማ ራሱ ደግሞ ይጠይቃል። መጠበቅ ካልተፈለገ ገመዱን ነቅሎ ዐሥር ሰከንድ ቆይቶ መሰካት ይበቃል።

ስዊቹ ከትልቅ መሥሪያ ቤት የተገኘ የድሮ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ሌላ መዘግየት አለ። ይህ ዓይነቱ ስዊች አንድ ገመድ በተገናኘ ቁጥር መስመሩ ዞሮ በራሱ ላይ እንዳይመጣ ለመመርመር ሲል ለ30 ሰከንድ ያህል ምንም አያሳልፍም። ካርዱ በርክክቡ ጊዜ አንድ ጊዜ ስለሚቋረጥ ይህ ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል። መብራቷ በርታ ሳለ ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው ጥያቄ በዚያ 30 ሰከንድ ውስጥ ከወደቀ መልስ አያገኝም። ስዊቹን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ምርመራ ለኮምፒውተሮች በተመደቡት ቀዳዳዎች ላይ ሊያሳጥረው ይችላል።

ለሁሉም የሚሆነው መድኃኒት ግን ተራ መጠበቅ ነው። መብራት ሲሄድ ሁሉም ከሶኬት ይነቀል። መብራት ተመልሶ ጥቂት ደቂቃዎች እስኪጸና ይቆይ፤ ሲመለስ አብሮ የሚመጣው ያልተስተካከለ ኃይል ዕቃ ያቃጥላልና። ከዚያ በኋላ በቅድሚያ ራውተሩ፣ ቀጥሎ ስዊቹ፣ ከሁለትና ሦስት ደቂቃ በኋላ ኮምፒውተሩ ይብራ። ይህን ተራ በትልቅ ጽሑፍ ጽፎ ከሶኬቱ በላይ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጥሩ ነው።

ቀንና ሰዓት

በማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም መልክ ያላት 3 ቮልት የሆነች ባትሪ አለች፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ጊዜ ቀኑንና ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ስታልቅ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደ ብዙ ዓመት በፊት ይመለሳል። ድረ ገጾችና የኢሜይል አገልግሎቶች ደግሞ የማንነት ማረጋገጫቸው ከቀን ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር አይከፍታቸውም። ሰው ይህን «ኔትወርክ የለም» ይለዋል፤ ካርዱ ግን ሥራውን ጨርሷል።

በእኛ ዘንድ የተለየ አንድ ስሕተት አለ። ጸሐፊው በቅንነት የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት በኮምፒውተሩ ላይ ይሞላል። ኮምፒውተሩ ያን የሚያነበው እንደ አውሮፓውያን ዘመን ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ የአውሮፓውያኑ ቀንና ሰዓት ከአዲስ አበባ የሰዓት ክልል ጋር ይሞላ፤ በደብዳቤውና በመዝገቡ ላይ ግን የራሳችን አቆጣጠር ይጻፍ። ሁለቱን መለየት ነው እንጂ አንዱን ስለ ሌላው መተው አያስፈልግም።

ካርዱ በእውነት የሚሞትበት ጊዜ

ካርድ አይሞትም አላልንም። በደጋው ምድር ከሁሉ በላይ ካርድን የሚገድለው መብረቅ ነው። መብረቁ ጽሕፈት ቤቱን ባይመታ እንኳ በአቅራቢያው ሲወድቅ በስልክ መስመሩና በረጃጅም ገመዶች ውስጥ ኃይል ይፈጥራል፤ ያም በራውተሩ አልፎ ወደ ካርዱ ይደርሳል። ብዙዎች በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የመብራቱን ሶኬት ይነቅሉና የስልኩንና የኔትወርኩን ገመድ ይረሱታል። ሦስቱም ሊነቀሉ ይገባል።

ካርዱ ሞተ የምንለው ጤነኛ ገመድ ተሰክቶበት፣ ያው ገመድ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ፣ የኃይል ማፍሰሱ ተሞክሮ፣ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥም ስሙ ካልታየ ወይም መብራቷ በየትኛውም ደረጃ ካልበራች ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜም ኮምፒውተሩ ሁሉ አይጣልም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ ካርድ ገዝቶ መቀጠል ይቻላል።

ከሰበካ ጉባኤው የሚጠበቅ

በዚህ ዘመን ግንኙነት ለአጥቢያ የቅንጦት ነገር አይደለም። የተረጂዎች ዝርዝር፣ የውኃ ነጥቦች ሪፖርት፣ የሀገረ ስብከቱ መመሪያ በዚሁ መስመር ይመላለሳሉ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ አምባ በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ዛሬ በለንደን ከሚገኙት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ በዲጂታል ተነሥተዋል፤ ከአምባው በታች ያለ የአብነት መምህር የእነዚህን ገጾች ምስል የሚያይበትም መንገድ ይኸው መስመር ነው። ስለዚህ ለመስመሩ የሚደረገው ጥንቃቄ ለንዋየ ቅድሳት ከሚደረገው የንብረት ጥበቃ ሐሳብ የራቀ አይደለም።

ለእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አራት ነገሮችን እናሳስባለን። ከኮምፒውተሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይኑር፤ ግንኙነት በጠፋ ቁጥር ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መብራት ሄዶ እንደነበረና መብራቷ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደጠፋች ይጻፍበት። በሣጥን ውስጥ አንድ የተፈተነ መለዋወጫ ገመድ ይቀመጥ። ለባለሙያ ከመከፈሉና ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሂሳብ ሹሙ «በሌላ ገመድ ተሞክሯል? አድራሻው ተነቧል? ከሶኬት ተነቅሎ ቆይቷል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም ከክፍያ ሰነዱ ጋር ይያያዝ። በመጨረሻም ዕቃው በተበላሸ ጊዜ ሰው ከመጠርጠሩ በፊት ደብተሩ ይነበብ።

ምእመናን በሙዳየ ምጽዋት የሚያኖሩት ገንዘብ ከብዙ ድካም የመጣ ነው። የአንድ ገመድ ችግር የአንድ ኮምፒውተር ዋጋ እንዳያስከፍል፣ የአንድን አገልጋይ ስምም እንዳያጎድፍ መጠበቅ የእናንተ የአደራ ጠባቂዎች ሥራ ነው።